«ሐበሻ ጠበቃ የለም?»

አገር ቤት ሰው ሲከሰስ ልደታ አካባቢ ጠበቃ የሚፈልግ ዘመድ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ዳኛውን ያውቀዋል?» ነው። እዚህ ቨርጂኒያ መጥተን ደግሞ «ሐበሻ ነው?» ሆነ። እንዲህ ዓይነት ክስ ስንቴ ይዞ ያውቃል ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም!

አክስቴ ግሪን ካርድ ይዛ ከመጣች ገና ሦስት ዓመት አልሞላትም። በቀደም አንድ ትልቅ ሱቅ ገብታ፣ ራስህ ስካን አድርገህ በምትከፍልበት ማሽን ከፍላ ስትወጣ ሴኩሪቲው አስቆማት። ከጋሪው ስር አንድ ብርድ ልብስ ሳይመታ ቀርቷል። እንግሊዝኛው የለም፣ የሚሏትን ሁሉ «የስ፣ የስ» እያለች ራሷን ስትነቀንቅ ፖሊስ መጣና የክስ ወረቀት ሰጥቷት ሄደ። ዘመድ ወረቀቱን እንደ ፓርኪንግ ቲኬት ነው ያየው። ፔቲ ላርሰኒ ይላል፣ በቨርጂኒያ ሕግ ከ1,000 ዶላር በታች የሆነ ስርቆት ነው፣ እስከ 12 ወር እስርና እስከ 2,500 ዶላር ቅጣት አለው። ወንጀል ነው እኮ!

ከዚያ ምክሩ ጎረፈ። አንዱ «ጥፋቷን አምና ቅጣቷን ከፍላ ትገላገል» ይላል፣ ሌላው «የኔን አሳይለም፣ የጥገኝነት ጉዳዬን፣ የጨረሰልኝ ጎበዝ ሐበሻ አለ» ይላል። ለስርቆት ክስ የአሳይለም ጠበቃ! ለጥርስ ሕመም የዓይን ሐኪም ጋ እንደመሄድ ነው። በዚህ መሀል የፖስታ ሳጥኑ በጠበቆች ማስታወቂያ ሞላ፣ ስሟን ከፍርድ ቤት መዝገብ እያዩ ነው የሚልኩት፣ እሷ ግን ሌላ ክስ እየመሰላት በየፖስታው ታማትባለች።

በመጨረሻ ያገኘናት ጠበቃ ሐበሻ አይደለችም፣ ሥራዋ ወንጀል ብቻ ነው። ወስዳለች አልወሰደችም ብላ አልጀመረችም። የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ግሪን ካርዷን መቼ ነው ያገኘችው?» ነበር። ለካ አንድ ሰው በገባ በአምስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ስርቆት ፈጽሞ ጥፋተኛ ከተባለ፣ ሕጉ ለጥፋቱ አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ማሰር ከፈቀደ፣ ዳኛው አንድ ቀን እንኳን ባያስረው ኢሚግሬሽን ሊያባርረው ይችላል። ያ «ከፍላ ትገላገል» የሚሉት ምክር አክስቴን ቦሌ ሊያወርዳት ነበር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፓዲላ በተባለ የሆንዱራስ ተወላጅ ጉዳይ፣ ተከሳሹ ጥፋቱን ከማመኑ በፊት ጠበቃው ይሄን ከአገር የመባረር አደጋ ሊነግረው ግዴታ አለበት ብሎ ወስኗል፣ ሰውዬውን ጠበቃው «ብዙ ስለኖርክ አትስጋ» ብሎት ነበር።

አቅም ለሌለው ተከሳሽ መንግሥት ጠበቃ ያቆምለታል፣ የኛም አገር ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 ላይ ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ መንግሥት ያቁምለት ይላል፣ ለዚሁ የሚቆም ተከላካይ ጠበቃም አለ። እዚህ ግን አንድ ተንኮል አለች፣ እስር አይኖርም ከተባለ ነፃ ጠበቃ ላይሰጡህ ይችላሉ። ሰዋችን እስር የለም ሲባል ተመስገን ብሎ ብቻውን ቆሞ አጥፍቻለሁ ይላል፣ ኢሚግሬሽኑ ትዝ የሚለው በኋላ ነው።

ክፍያው ላይ እኔም ተቃጥያለሁ፣ አልደብቅም። አገር ቤት ተከራክረህ ግማሹን አሁን ግማሹን ሲያልቅ ትላለህ፣ እዚህ 2,000 ዶላር ቁጭ ሳታደርግ ፋይል አይከፈትም። አጎቴ «ካሸነፈች እንክፈላት» አለኝ፣ በወንጀል ጉዳይ እንደዛ መዋዋል ክልክል ነው ብለው ማን ይስማኝ! ያ ሁሉ መካሪ ዘመድ ገንዘብ ሲባል ስልኩ አይነሳም። አጎቴማ ይባስ ብሎ ብርድ ልብሱ ስንት ነበር ብሎ ጠየቀኝ፣ 40 ዶላር ስለው «ታዲያ ለ40 ዶላር ብርድ ልብስ 2,000 ዶላር? አንተ ልጅ ተበልተሃል» ብሎ ዘጋው። እስካሁን ሰባራ ሳንቲም አላዋጣም።