«ዘንድሮ ስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» አለኝ በሰው ሁሉ ፊት

ደሜ ፈልቶ ነው የምጽፈው። ታክሲ ውስጥ ነኝ፣ ፊደል ከተዘበራረቀ እለፉት።

ፎርም እንሞላለን የሚሉ የአንድ ቢሮ ሰዎች የአክስቴን ልጅ 4 ሺህ ብር በሉት። ለምን? የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ ፎርም ለመሙላት። ወገን፣ የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ ማመልከቻ በነጻ ነው! የሚሞላው በራሱ በስኮላርሺፑ ድረ ገጽ ላይ ነው። አድራሻው መጨረሻ ላይ «ጎቭ ዶት ቲአር» ይላል፣ የቱርክ መንግሥት ገጽ መሆኑ በዚያ ይታወቃል። አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈተው ደግሞ በፈረንጆች ጃንዋሪ ነው። የዘንድሮው ገና አልተከፈተም። ታዲያ ምኑን ነው የሞሉለት?

ማስታወቂያው ቴሌግራም ላይ የሚዞር ፎቶ ነው። በትልቁ «2018» ይላል። ልጁም አክስቴም የዘንድሮ መሰላቸው፣ በእኛ 2018 ነዋ። ግን ጽሑፉ በሙሉ እንግሊዝኛ ነው፣ ወሩም የፈረንጅ ወር ነው። ፎቶውን ጉግል ሌንስ ላይ ጫንኩት፣ በፎቶ የሚፈልግ የጉግል መሣሪያ ነው። ያው ራሱ ፎቶ በፈረንጆች 2018 የተለጠፈባቸው ገጾች ተደርድረው መጡ። በእኛ 2010 መሆኑ ነው። ልጁ ያኔ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነበር!

እናም ዛሬ ሦስታችንም ሄድን። ቢሮው ጢም ብሏል። ሁሉም ዶክመንቱን በፌስታል ይዞ ተራውን ይጠብቃል። ፎርም የሚሞላውን ሰውዬ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ በጨዋ ደንብ፣ «ወንድሜ፣ ይሄ ማስታወቂያ የቆየ ነው፣ የፈረንጆች 2018 ነው» አልኩት። ስልኬን ዘረጋሁለት። አላየውም። ከኮምፒውተሩ ላይ ዓይኑን እንኳ አላነሳም። ከዚያ ቢሮው በሙሉ እንዲሰማ ጮክ ብሎ፣

«እህቴ፣ ዘንድሮ ስንት ዓመተ ምሕረት ነው?»

«በእኛ ከሆነ...»

«ቀላል ጥያቄ ነው የጠየቅኩሽ። ስንት ዓመተ ምሕረት ነው?»

«2018፣ ግን...»

«በቃ! ማስታወቂያውስ ስንት ይላል?»

ሳቁ። ተራ የያዘው ሰው ሁሉ ሳቀ። ፌስታሉን ታቅፋ ጥግ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ሳይቀር ሳቀች። የእሷም ብር ነው እኮ የሚበላው! እሱ ግን ገና አልጠገበም። ግድግዳው ላይ በፍሬም የተሰቀለውን የንግድ ፈቃድ በእስክሪብቶ እያሳየኝ፣ «እኛ ሕጋዊ ነን። ቴሌግራም ላይ ከ80 ሺህ በላይ ሰው ይከተለናል። አንቺን ስንት ሰው ይከተልሻል?» አለኝ።

ምን ይባላል? የንግድ ፈቃድ ለመነገድ ነው የሚሰጠው፣ ማስታወቂያው እውነት ስለመሆኑ ማንም አላረጋገጠለትም። 80 ሺህ ተከታይ ደግሞ ብዙ ሰው እንደሚያየው እንጂ የሚለው ልክ እንደሆነ አያሳይም። ይህን ሁሉ ልለው አፌን ስከፍት አክስቴ ክንዴን ጎተተችኝ። «ተይ እንግዲህ፣ ሰውየውን አታስቀይሚው፣ የልጁ ፋይል እጁ ላይ ነው» አለችኝ። ያን ጊዜ ነው ውስጤ እርር ያለው። ሰውየው ሳይሆን እኔ ነኝ ነገር ያበላሸሁት!

ይቺ አክስቴ መርካቶ ወርዳ አንድ ኪሎ ቲማቲም ለመግዛት እያንዳንዱን እያገላበጠች የምታይ ሴት ናት። የስልክ ፎቶ ሲሆን ግን አንድ ጊዜ እንኳ አታገላብጥም። ባለፈው የደም ግፊት መድኃኒቷን ልታቆም ነበር። ቲክቶክ ላይ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰውዬ ሽፈራው ጠጡና ኪኒኑን ጣሉት አለ። ዶክተር ነው? የት ሆስፒታል ነው የሚሠራው? ስሙስ ማነው? ስሙን አታውቀውም። ጋውን ግን ለብሷል። ስጠይቃት «አንቺ ደግሞ ሰው አታምኚም» ብላ አኮረፈችኝ፣ ለሳምንት ቡና አልጠራችኝም።

በዚህ አገር ምንጩ ምንድነው ብሎ መጠየቅ እንደ ብልግና ይታያል። እኔ የምሠራበት ቢሮም እንደዚያው ነው። የጎርፍ ፎቶ መጥቶ ሁሉም «ወይኔ ወገኔ» እያለ ሲያለቅስ፣ የሌላ አገር ጎርፍ ነው፣ ከዓመታት በፊት ነው የተነሳው ብዬ ምንጩን ብልክ «ልብ የለሽም እንዴ?» ተባልኩ። ልብማ አለኝ። ለእውነተኛው ጎርፍ የሚዋጣው ብር ለሐሰተኛ አካውንት እንዳይገባ ብዬ ነው!

ልጁን እንዳልቆጣው ደግሞ አንጀቴን ይበላኛል። ማን አስተማረው? ትምህርት ቤት ሙሉ ዕድሜውን «አሳይመንቱን ከጉግል አውጥታችሁ ኑ» ሲሉት ነው የኖረው። እንዴት እንደሚወጣ ግን ማንም አላሳየውም። የሐረጉን ቃላት በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ብታስገባ ልክ በዚያው ቅደም ተከተል የተጻፈውን ብቻ እንደሚፈልግልህ አልነገሩትም። በእንግሊዝኛ ፊደል «site:» ብለህ የድረ ገጹን አድራሻ ብታስከትል እዚያ ገጽ ውስጥ ብቻ እንደሚፈልግልህ አልነገሩትም። ከላይ «ስፖንሰርድ» ተብሎ የሚመጣው ተከፍሎበት እንደሆነ እንኳ አያውቅም፣ አንደኛ የመጣው አንደኛ እውነት ይመስለዋል። አሁን ደግሞ ኤአይ ከላይ አሳጥሮ የሚጽፈው አለ፣ እሱን አንብቦ ይዘጋዋል። ከየት እንዳመጣው አይከፍትም። ሊከፍትም ቢል ብዙ ጊዜ ያለው የሶሻል ሚዲያ ፓኬጅ ብቻ ነው። ማስታወቂያው በዚያው ፓኬጅ ይደርሰዋል፣ ማጣሪያው ግን ተጨማሪ ብር ያስወጣዋል። ይሄ ያናድዳል።

አማርኛችን ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። «ፀሐይ» ብለህ ስትፈልግ የሚመጣውና «ጸሀይ» ብለህ ስትፈልግ የሚመጣው አንድ አይደለም። ሀ፣ ሐ፣ ኀ። ሰ፣ ሠ። አ፣ ዐ። አንድ ቃል በአንዱ ፊደል ፈልገህ አጥተህ «ኢንተርኔት ላይ የለም» ትላለህ፣ በሌላው ፊደል ተጽፎ ቁጭ ብሏል። ይሄን እንኳ አማርኛ አስተማሪ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ቢያስረዳ ምን ነበረበት?

እና ከባድ ነገር እኮ አይደለም። በፈረንጆች 2017 የአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሳም ዋይንበርግና ሳራ መግሩ አንድ ጥናት አውጥተው ነበር። የታሪክ ፒኤችዲ ያላቸውን ምሁራን፣ የስታንፎርድ ተማሪዎችንና መረጃ ማጣራት ሥራቸው የሆኑ ሰዎችን ድረ ገጾች ሰጥተው እንዲመዝኑ አደረጉ። ብዙዎቹ ምሁራንና ተማሪዎች እዚያው ገጹ ላይ ቆይተው አርማውን፣ የገጹን ማማርና የአድራሻውን አጨራረስ እያዩ ተሸወዱ። አጣሪዎቹ ግን ቶሎ ከገጹ ወጡ። ሌላ ታብ ከፍተው ስለዚህ ድርጅት ሌሎች ምን ይላሉ ብለው ፈለጉ። ባጭር ጊዜ ደረሱበት። ባለ ፒኤችዲው በአርማ ከተሸወደ፣ የ18 ዓመት ልጅ ፍሬም ውስጥ ባለ ፈቃድ ቢሸወድ ምን ይፈረድበታል? አድራሻው ላይ «ጎቭ» ማየትም ብቻውን አይበቃም፣ ከሌላ ቦታ ደግሞ ማመሳከር ነው። ማን ነው ያለው፣ መቼ ነው ያለው፣ ሌላስ ማን ብሎታል? ታክሲ እስኪሞላ የሚያልቅ ሥራ ነው።

«መቼ» የሚለው ደግሞ ለእኛ ከማንም በላይ ያስፈልገናል። በእኛና በፈረንጆች መካከል የሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት አለ። ዓመት ብቻ የተጻፈበት ማስታወቂያ ሲመጣ በየትኛው አቆጣጠር ነው ብሎ መጠየቅ ግዴታችን ነው። ያ ሰውዬ ይሄን አያውቅም? በደንብ ያውቃል! ሥራው የውጭ አገር ፎርም መሙላት ነው፣ የሰው ልደት ቀን ከእኛ ወደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሲቀይር ነው የሚውለው። እያወቀ ነው የጠየቀኝ። እያወቀ ነው ያሳቀብኝ።

አክስቴ አሁን እዚሁ አጠገቤ ተቀምጣ በመስኮት ታያለች፣ አታናግረኝም። ልጁ ብቻ ቀስ ብሎ «እውነት ነጻ ነው?» አለኝ። ገጹን ከፍቼ ሰጠሁት። ራሱ ያንብበው። ለመጀመሪያ ዲግሪ ከ21 ዓመት በታች መሆን እንዳለበት፣ የትምህርት ክፍያውን፣ መኖሪያውን፣ ወርሃዊ ገንዘቡን፣ የአንድ ዓመት የቱርክኛ ትምህርቱን እነሱ እንደሚችሉ አንብቦ ጨርሶ አሁን ደግሞ «ፎርሙን እኔ ራሴ መሙላት እችላለሁ?» ይለኛል። ትችላለህ አልኩት። ሲከፈት አብረን እናየዋለን።

4 ሺህ ብሩን ግን አልተውም። ሰኞ ጠዋት ተመልሼ እሄዳለሁ። የ2018ቱን የፈረንጆች ልጥፍ ከነቀኑ አሳትሜ፣ ብዙ ኮፒ አድርጌ፣ መጀመሪያ ለሰውየው ሳይሆን ለተሰለፉት ነው የማድለው። ፌስታሏን ታቅፋ ለሳቀችው ልጅም እሰጣታለሁ። አብሮኝ የሚሄድ ካለ ኢንቦክስ ያድርግልኝ።