«ማን አስገባው?»

አሳንሰሩ ውስጥ ስድስት ሰዎች ነበርን፤ ከመካከላችን አንዷ ነፍሰ ጡር ናት። የስድስት ዓመቷ ልጄ የሴትዮዋን ሆድ አየች፣ እኔን አየችኝ፣ ከዚያም ሹክሹክታን ገና ባልለመደ ድምጿ «አባዬ፣ እዚያ ውስጥ ሕፃን አለ አይደል?» አለች። «አዎ» አልኩ። ልጄ አስተዋይ ናት ብዬ ኩራት ቢጤም ተሰማኝ። ወዲያው ቀጠለች፦ «ማን አስገባው?»

ሁሉም ቀና ብሎ የፎቁን ቁጥር ማንበብ ጀመረ። እኔም «ደርሰናል» ብዬ እጇን ይዤ ወረድኩ። አልደረስንም ነበር። የቀረውን አራት ፎቅ በደረጃ ወጣነው።

በዚያው ሳምንት ይህን ጉዳይ እያሳቅን እናስረዳችኋለን የሚሉ የወላጆች መጻሕፍትን ማገላበጥ ያዝኩ። ያስቃሉ፣ አልዋሽም። ሳነባቸው ግን አንድ ነገር ከነከነኝ፦ ብዙዎቹ ሕፃኑ እንዴት እንደሚወጣ ዘርዝረው ይተርኩና እንዴት እንደገባ ለመናገር ሲደርሱ ቀልዱን ያበዙታል። ልክ እንደ እኔ አሳንሰሩን ትተው በደረጃው ይሄዳሉ።

ሽሽቱ አዲስ አይደለም። በአውሮፓ ለልጆች ሲነገር የኖረው ተረት ሕፃናትን ሽመላ ታመጣለች ይላል። የሥነ ልቦና ሐኪሙ ሲግመንድ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1909 ባሳተመው የ«ትንሹ ሐንስ» ታሪክ ውስጥ ይህ ተረት የተነገረው ልጅ አለ። ሐንስ ታናሽ እህቱ ከመወለዷም በፊት ሣጥን ውስጥ ሆና አብራቸው ስትጓዝ እንደነበር እያወራ አባቱን በማይታመን ወሬ ያደክመው ጀመር። ፍሮይድ ነገሩን የተረዳው ልጁ ብድሩን እየመለሰ ነው ብሎ ነው፤ እናንተ ሽመላ ካላችሁኝ እኔም ያሻኝን እላችኋለሁ ዓይነት። ከፍሮይድ ጋር በብዙ ነገር አልስማማም። እዚህ ላይ ግን ልጁን በደንብ የሰማው ይመስለኛል።

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ደግሞ ጉዳዩን «ወፎቹና ንቦቹ» ይሉታል፤ በተፈጥሮ ምሳሌ ለዘብ ለማድረግ መሆኑ ነው። ይህን ምሳሌ የመረጠው ሰው ወደ ቀፎ ቀርቦ የሚያውቅ አይመስለኝም። ንግሥቲቱ ንብ አየር ላይ እየበረረች ከአሥር ከሚበልጡ ድንጉላዎች፣ ማለትም ወንድ ንቦች ጋር ትገናኛለች፤ እያንዳንዱ ድንጉላ ጉዳዩን እንደጨረሰ ብልቱ ተቆርጦ ይሞታል። ድንጉላው ራሱ ካልዳበረ እንቁላል ስለሚፈለፈል አባት የለውም። ወፎቹም ቢሆኑ ብዙ አይረዱም፤ አብዛኞቹ ወንድ ወፎች ከነጭራሹ የወንድ ብልት የላቸውም። ይህን ሁሉ ዘርዝሮ «ሰውም እንዲሁ ነው» ከማለት ሰውን ራሱን ማስረዳት አይቀልም?

ጥሩዎቹ መጻሕፍት የሚለዩት የሚሳቀው በማን ላይ መሆኑን በማወቃቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 አሜሪካውያኑ ጄምስ ተርበርና ኢ. ቢ. ዋይት በዘመኑ በነበሩት ኮስታራ የወሲብ መመሪያዎች ላይ የሚያላግጥ መጽሐፍ አወጡ። አንዱ ምዕራፍ ነገሩን ገልብጦ፣ ልጆች ለወላጆቻቸው ምን ሊነግሯቸው ይገባል ብሎ ይጠይቃል። ከ64 ዓመት በኋላ፣ በ1993፣ እንግሊዛዊቷ ባቤት ኮል ያንኑ ሐሳብ በሥዕል መጽሐፍ አመጣችው። ወላጆቹ ልጆቻቸውን አስቀምጠው ሕፃን ከድንጋይ ሥር ይገኛል፣ እንደ ተክል በማሰሮ ይበቅላል እያሉ ይቀባጥራሉ። ልጆቹ ይስቁባቸዋል፤ ከዚያ እርሳስ ያነሡና እውነቱን ሥለው ያስረዷቸዋል። ኮል እንዴት እንደሚገባም ሳትዘል ነው የሄደችው።

የማስታወቂያ ባለሙያ የነበረው ፒተር ሜይል በ1973 ያወጣው የልጆች መጽሐፍ ደግሞ የወንዱን ዘር ረጅም ባርኔጣና ሱፍ አልብሶ ያቀርበዋል። አባትና እናቱም ቦርጫቸው ሳይደበቅ እንደማናቸውም ሰው ራቁታቸውን ተሥለዋል። የወሲብን ደስታ አፍንጫን ለረጅም ጊዜ ከበላ በኋላ ከሚመጣ ትልቅ ማስነጠስ ጋር ያነጻጽረዋል። ሳነበው ጮክ ብዬ ሳቅኩ፤ ከዚያ ግን አሰብኩበት። ንጽጽሩ የሚሸፍነው ነገር የለም፤ ማንኛውም ልጅ በሚያውቀው ስሜት ተነሥቶ የማያውቀውን ያስረዳል። በኋላ ከመጡት ብዙዎቹ ግን ከልጁ በላይ ለአዋቂው ዓይናቸውን የሚጠቅሱ ናቸው። «ጥያቄውን ወደ እናቱ ምራ» የሚለው ምክር መቼም የማያረጅ ይመስል በየመጽሐፉ ይመላለሳል። አባቱ ሸሸ፣ አንባቢው ሳቀ፤ ልጁ ጥያቄውን እንደያዘ ቀረ።

ለነገሩ የምናፍርበት ጥያቄ ተራ ጥያቄ አይደለም። ሆላንዳዊው ሌዊንሁክ የወንድ ዘርን በአጉሊ መነጽር ያየው በ1677 ነው። የአጥቢ እንስሳት እንቁላል እስኪታይ እስከ 1827 ተጠበቀ፤ ያየው ካርል ኧርንስት ፎን ቤር ነው። ዘሩ እንቁላሉ ውስጥ ገብቶ ሁለቱ አስኳሎች ሲዋሐዱ የሚያሳየውን ሥራ ጀርመናዊው ኦስካር ሄርትቪግ ያሳተመው በ1876 ነው፤ ያውም ባሕር ጃርት ከሚባል እሾሃማ የባሕር እንስሳ አይቶ። ሊቃውንቱ «ምን ገባ፣ እንዴትስ ገባ?» የሚለውን ለመመለስ 199 ዓመት ፈጀባቸው። እኔ በሁለት ፎቅ መካከል እንድመልሰው ተፈለገ።

ቀልዱ ፈጽሞ እንዲገባበት የማልፈልገው ቦታ ስም ነው። አንዳንዶቹ መመሪያዎች ለብልት የሚሆኑ የቁልምጫ ስሞችን በዝርዝር ያቀርባሉ። ክርን ክርን፣ ጉልበት ጉልበት ይባልና ሁለቱ እግሮች መካከል ሲደረስ የአበባና የእንስሳት ስም ይጀመራል። ልጅቷ አንድ ቀን ለመምህሯ «አበባዬን ነካኝ» ብትል መምህሯ የምታስበው ስለ ግቢው አትክልት ነው። ሐኪምም ቢሆን የት እንዳመማት በቀላሉ አይገባውም። ዩኔስኮ በ2018 አሻሽሎ ያወጣው የወሲብ ትምህርት መመሪያ ከ5 እስከ 8 ዓመት ያሉ ልጆች የሰውነት ክፍሎቻቸውን ስምና ተግባር ማወቅ እንዳለባቸው የሚያስቀምጠው ያለ ምክንያት አይደለም። በአዋቂው መንተባተብ ይሳቅ፤ በባርኔጣውም ይሳቅ። ስሙ ግን ስሙ ነው።

ሳቅ ጉዳዩን ያረክሰዋል የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ልጅ ግን ከቃላችን በፊት ፊታችንን ነው የሚያነበው። የተኮሳተረ ፊት ያየ ልጅ ሁለተኛ አይጠይቅም፤ መልሱን ከእኩዮቹ ወይም ከስልክ ይፈልጋል። እዚያ የሚያገኘው ደግሞ በዕድሜው ልክ የተሰፋ አይሆንም።

ከአሳንሰሩ በኋላ በአምስተኛው ቀን ልጄን አጠገቤ አስቀመጥኳት። የወንድ ዘር ከሴት እንቁላል ጋር ሲገናኝ ሕፃን እንደሚጀመር፣ ዘሩም ከየት ወጥቶ በየት እንደሚገባ፣ ሁሉንም በስሙ እየጠራሁ በአራት ዓረፍተ ነገር ነገርኳት። ጆሮዬ ግሎ ነበር። እሷ የምትቀባውን ሥዕል እንኳ አላቋረጠችም።

«በቃ?» አለችኝ።

«በቃ።»

ትንሽ ዝም ብላ ቀባች። ከዚያ ቀና አለች፦ «ታዲያ ያን ቀን ለምን በደረጃ ወጣን?»

«አሳንሰሩ ተበላሽቶ ነበር» ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር።