ማስተካከያ፦ የናዝሬት ፖስታ ቤት አልጠፋም

ሰሞኑን በአዳማና በአካባቢዋ ጠፉ የተባሉ ፖስታ ቤቶች ዝርዝር ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ነበር። ሥራው ደስ ይላል፣ ግን መታረም ያለበት ነገር አለው።

ዝርዝሩ ናዝሬትን ከጠፉት ውስጥ አስገብቷታል። ናዝሬት እኮ አዳማ ናት! በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ስሟ ተቀየረ፣ በኋላ ደግሞ ወደ ጥንቱ ተመለሰ። ስለዚህ የድሮ ፖስታ ላይ «ናዝሬት» የሚል ማኅተም ስታገኙ ሌላ ከተማ አትፈልጉ፣ የኛው ነው።

«ፖስታ አገራችን የገባው በባቡር ነው» የሚለውም ትክክል አይደለም። የፖስታ አገልግሎት በአፄ ምኒልክ የተቋቋመው በ1886 ዓ.ም. ነው፣ በፈረንጆቹ 1894። ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው ግን በፈረንጆቹ 1917 ነው። ሐዲዱ ደብዳቤ አፋጠነ እንጂ ፖስታን አልወለደም።

ሌላው፣ ወለንጪቲና መተሐራ የድሮው ባቡር ስለቆመ ብቻ «የተረሱ መንደሮች» ተብለዋል። ይሄ በጣም ያሳዝናል፣ ሰው ይኖርባቸዋል፣ ገበያ ይቆምባቸዋል። የባቡር ጣቢያ መዘጋትና የመንደር መጥፋት ለየብቻ ናቸው፣ የፖስታ ቤት መዘጋት ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ሦስቱን አንድ ላይ ካጨቅናቸው ገና በሕይወት ያለ ሰፈር እንቀብራለን።

የድሮ ፖስታ ቤቶችን ፍለጋ የምትቀጥሉ፣ ከቴምብሩ ሥዕል ይልቅ ማኅተሙን እዩ፣ የቦታው ስምና ቀኑ እዚያ ነው። ዓመቱ በኛ ይሁን በፈረንጆቹ ለዩ። በአሮጌ ደረሰኝና ደብዳቤ ራስጌ ላይ ያለውን የፖስታ ሳጥን ቁጥርም አትለፉት። ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ሠራተኞችንም አሁኑኑ ጠይቁ።