ስሙን ይዘን ታሪኩን ለጣልን የአራዳ ልጆች

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ቤቶች በሚፈርሱበት ሰሞን፣ ዕቃ የሚያወጡ ጎረቤቶቻችንን ላግዝ ሄጄ፣ ከአይሱዙው ላይ በብረት ምጣድና በሳፋ መካከል እንዳይጋጩ የተሸጎጠ አንድ ክፈፍ አገኘሁ። መስታወቱ ረግፏል። በፎቶግራፉ ላይ ስድስት ወጣቶች ቆመዋል፣ አምስት ተንበርክከዋል፣ በቀኝ ጥግ ያለው ልጅ ኳሷን በጉልበቱና በክንዱ መካከል ይዟታል። ጀርባው ላይ በእርሳስ «ጃንሜዳ» ተብሎ ተጽፎ አራት ስሞች ተከትለዋል፤ ሁለቱ በእርጥበት ደብዝዘዋል። የቤቱ ልጅ «የአያቴ ነው፣ ጊዮርጊስ ሲጫወት፤ ከፈለግክ ውሰደው» አለኝ። ልጁ በዚያን ጊዜ የለበሰው የፈረሰኞቹን፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ እግር ኳስ ክለብን፣ መለያ ነበር።

ወገኖቼ፣ ይህን የማነሣው ያን ወጣት ላሳፍር ብዬ አይደለም፤ ብዙዎቻችን እንደ እርሱ ነን። መለያውን ደረታችን ላይ እናደርጋለን፣ የለበሱትን ሰዎች ግን በብረት ምጣድ ሥር እናስቀምጣለን። «አንጋፋው ክለባችን» ማለት ይቀናናል። ክለቡ መቼ ተመሠረተ ሲባል ግን፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙ ሳይርቅ ባለ አንድ ቡና ቤት እንደሰማሁት፣ አንዱ 1928 ሌላው 1935 ብሎ ማኪያቶው እስኪቀዘቅዝ ይሟገታል፤ ሁለቱም ልክ መሆናቸውን፣ አንደኛው በእኛ ሌላው በፈረንጆች አቆጣጠር መናገራቸውን የሚያስታርቅ አንድ ሰው እንኳ ከመካከላቸው አልተገኘም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እያሉ የሚተርቱ ሰዎች ልጆች ነን።

ዘመኑን ማወቅ ለክርክር ማሸነፊያ ብቻ የሚጠቅም ይመስላችኋል። አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ ክለቡን በአራዳ የመሠረቱት በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ነው፤ የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ የገባው በዚያው ዓመት ሚያዝያ 27 ቀን ነው። እንግዲህ ክለቡ አምስት ወር ሳይሞላው ከተማው ተያዘ ማለት ነው። ጦርነት በሰሜንም በደቡብም እየነደደ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በግንባር ሳሉ፣ ጥቂት የሰፈር ልጆች ተሰባስበው ቡድን ማቋቋማቸውንና ስሙንም ታቦቱ ዓድዋ ዘምቷል በሚባልለት ቅዱስ መጥራታቸውን ቀኑን ያላወቀ ሰው እንዴት ይረዳዋል? ወራሪው ነጭና ጥቁርን በትምህርት ቤት፣ በሲኒማና በኳስ ሜዳ ሳይቀር ለያይቶ በነበረበት ዘመን ክለቡ በሌላ ስም እንዲጠራ ተደረገ፤ ከነጻነት በኋላ ስሙ ተመለሰ። በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሻምፒዮና ሲካሄድ ከአምስቱ ተወዳዳሪዎች የኢትዮጵያውያኑ ቡድን ቅዱስ ጊዮርጊስ ነበር፤ የተቀሩት የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶና የእንግሊዝ ወታደራዊ ልዑክ ቡድን ነበሩ። ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞቹ ናቸው። ይህን የሽንፈት ዓመት ማንም ሲያወራው ሰምቼ አላውቅም፤ እኔ ግን ከብዙ ዋንጫ ይልቅ እርሱን እወደዋለሁ፣ በገዛ ከተማው እንደ አንድ የማኅበረሰብ ቡድን ከሌሎች ተርታ ቆሞ መጀመሩን ያሳያልና።

ይድነቃቸው ተሰማን ሁላችንም እንጠራለን፤ መጥራታችንም ተገቢ ነው። የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ አጥቂ፣ በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣው ብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ፣ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበሩ። ለክለባቸው በ365 ጨዋታዎች 318 ግቦች እንዳስቆጠሩ ይጠቀሳል። መንግሥቱ ወርቁንም እናውቃቸዋለን፤ በዚያ ዋንጫ ፍጻሜ ግብፅ 4 ለ 2 ስትሸነፍ የመጨረሻዋን ግብ ያስቆጠሩት እርሳቸው ናቸው። ነገር ግን 318 ግብ ያለ አቀባይ አይገባም። ኳሷን ያሻገሩት፣ ከኋላ የተከላከሉት፣ ሰኞ ሥራቸው ላይ እያነከሱ የሚገቡት የት ተጻፉ? የሁለት ሰዎችን ስም እየደጋገምን የመቶዎችን ስም መርሳታችንን ታሪክ ማወቅ ብለን ጠርተነዋል።

ከመርሳቱ የሚከፋው ደግሞ የቀረችንን ጥቂት ታሪክ ዱላ ማድረጋችን ነው። ተቀናቃኛችን የኢትዮጵያ ቡና ክለብ በ1968 ዓ.ም. ስለተመሠረተ ብቻ ደጋፊውን «ትናንት የመጣህ» እያልን ስንሳደብ፣ አልፎም የሰው ዘርና ቋንቋ እየጠራን ስንዘልፍ፣ የሁለቱ ክለቦች ደጋፊዎች ካታንጋና ሚስማር ተራ በሚባሉት የስታዲየም መቀመጫዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ያሳለፉትን ዘመን እያረከስን ነው። ክለባችሁን ከመሠረቱት ሁለት ሰዎች የአንዱ ስም ከባሕር ማዶ የመጣ መሆኑን እያወቃችሁ ነው ሰውን በዘሩ የምትሰድቡት? ካላወቃችሁ ደግሞ የምትከላከሉት ታሪክ የቱ ነው?

«ይህ የክለቡ ጽሕፈት ቤት ሥራ ነው» የሚል መልስ ይመጣል። ክለቡም የድርሻው አለበት፤ አልክድም። ነገር ግን በደርግ ዘመን ክለቡ ስሙን አጥቶ በቢራ ፋብሪካው ስም ሲጫወት «ጊዮርጊስ» የሚለውን ስም ጠብቆ ያቆየው የደጋፊው አፍ ነው። ያ ትውልድ መዝገብ አልነበረውም፣ በቃሉ ያዘ። እኛ በየኪሳችን ካሜራና መቅጃ ያለው ስልክ ይዘን፣ የሰማንያ ዓመት አዛውንት ከጎናችን ቡና እየጠጡ ሲያወጉ፣ የምንቀርጸው የጎረቤት ደጋፊ የሚሳደብበትን ነው።

ስለዚህ አደራ የምላችሁ ይህን ነው። ቤታችሁ ሳይፈርስ፣ ወይም ወደ ኮንዶሚኒየም ስትገቡ ሣጥኑን ስታራግፉ፣ ፎቶግራፍ ካገኛችሁ ከአባት ወይም ከአያት ጋር ተቀምጣችሁ የእያንዳንዱን ሰው ስም ከግራ ወደ ቀኝ ጠይቁና ከጀርባው ጻፉ፤ ዓመቱንም በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጨምሩ። መለያና የአባልነት ካርድ ለልዋጭ ነጋዴ አትስጡ።

እኔ ያገኘሁትን ፎቶግራፍ ይዤ አራት አዛውንቶች ዘንድ ሄጃለሁ። ከአሥራ አንዱ ሰባቱ ታወቁ። ሦስተኛው ሽማግሌ ኳሷን የያዘውን ልጅ ሲያዩ ፈገግ ብለው «ይህንንማ አውቀዋለሁ፣ ስሙ አሁን ይመጣልኛል፤ ቅዳሜ ተመለስ» አሉኝ። ቅዳሜ ሥራ ያዘኝና ሳልሄድ ቀረሁ፤ በማግስቱ ስደውል የተነሣው ስልክ የለቅሶ ቤት ነበር።