ማስተካከያ፦ የሊንከን የነጻነት አዋጅ እነማንን ነጻ አወጣ?

ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ቀደም ሲል በወጣው ጽሑፍ፣ የፕሬዚዳንት ሊንከን የጃንዋሪ 1 ቀን 1863 አዋጅ በአገሪቱ ያሉትን ባሪያዎች ሁሉ ነጻ እንዳወጣ ተገልጿል (ቀኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ትክክል አይደለም። አዋጁ የሚመለከተው በፌዴራል መንግሥቱ ላይ ያመፁትን የደቡብ አካባቢዎች ብቻ ነበር። ባርነት ቢኖርባቸውም ከኅብረቱ (ከአሜሪካ ግዛቶች አንድነት) ያልተገነጠሉት ዴላዌር፣ ሜሪላንድ፣ ኬንታኪና ሚዙሪ አልተካተቱም፤ ቴነሲ በሙሉ፣ ሉዊዚያናና ቨርጂኒያም በከፊል ተትተዋል።

ምክንያቱ በዋናነት ሕጋዊ ነው። ሊንከን አዋጁን ያወጣው በጦር ጠቅላይ አዛዥነቱ፣ ጠላትን ለማዳከም ስለሆነ ይህ ሥልጣኑ ላላመፁት ግዛቶች አይደርስም። በእርግጥ ኬንታኪን ማስቀየምም አልፈለገም። ሜሪላንድ በኖቬምበር 1864፣ ሚዙሪ በጃንዋሪ 1865 ባርነትን ራሳቸው አስቀሩ፤ ኬንታኪና ዴላዌር ግን ባርነትን በመላ አገሪቱ ያስቀረው 13ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በዲሴምበር 1865 እስኪጸድቅ ድረስ ገፉበት።

ይህ ሲባል አዋጁ ባዶ ወረቀት ነበር የሚሉት ትክክል ናቸው ማለት አይደለም። የሰሜኑ ጦር በገፋ ቁጥር ነጻነቱም አብሮት ይገፋ ነበር፤ ወደ 180,000 የሚጠጉ ጥቁሮችም እስከ ጦርነቱ ማብቂያ በሠራዊቱ ተሰልፈዋል።

በተጨማሪም ጽሑፉ የጦርነቱ ማብቂያ ያደረገው አፕሪል 9 ቀን 1865 የደቡቡ ጄኔራል ሊ በቨርጂኒያ፣ አፖማቶክስ እጁን የሰጠበት እንጂ ጦርነቱ ያበቃበት ቀን አይደለም። የሌላው የደቡብ ጄኔራል የጆንስተን ጦር እጁን የሰጠው አፕሪል 26 ነው።