ለአበባ ጀርባ የመስጠት ጥበብ

ወገኖቼ፣ እስቲ አንዳንዴ እንኳ ራሳችንን እናመስግን! ሌላው ዓለም አበባ ለማየት አገር አቋርጦ ይሄድና ቆሞ አበባ ያያል። ሞኝ። የእኛ ሰው ግን በሌሊት ከፍራንክፈርት በአውቶቡስ ተነስቶ፣ መንገዱን በእንቅልፍ ጨርሶ፣ ሆላንድ ሊሰ ከተማ ኩከንሆፍ የተባለው የአበባ መናፈሻ እንደ ደረሰ ለቱሊፕ አበባው ጀርባውን ይሰጣል። ፊቱን ወደ ስልኩ። ባለፈው ቅዳሜ በዓይኔ በብረቱ ያየሁትን ነው የምመሰክረው። እናንተም በየጉዞው ስላያችሁት ሌላ ምስክር አልጠራም።

አስጎብኚዋ ምስኪን ልታስረዳ ሞከረች። 7 ሚሊዮን ያህል የአበባ ሥር በየመኸሩ በሰው እጅ እንደሚተከል፣ ስፍራው 32 ሄክታር እንደሆነ፣ በሩ በዓመት ስምንት ሳምንት ያህል ብቻ እንደሚከፈት ተናገረች። ጥያቄ ካለ አለች። «ዋይፋይ አለው?» ተባለች። አንድ ጋሼ ደግሞ «አበባ ማለት የዝዋይ ጽጌረዳ ነው!» ብለው አገራቸውን አስከበሩ። እውነታቸውን ነው፤ ጽጌረዳችን በአውሮፕላን እየተጫነ እዚሁ ሆላንድ ለጨረታ ይቀርባል። ይህን ሲናገሩም ጀርባቸው ወደ አበባው ነበር።

የጥበባችን ቁንጮ ግን የጋራ ፎቶ ነው። «ኑ፣ አንድ ጊዜ ብቻ!» ይላል ኮሚቴው። አንድ ጊዜ መባሉን ልብ በሉልኝ። ሕዝቡ ከነፋስ ወፍጮው ፊት ይሰለፋል፤ ረጃጅሞቹ ከፊት፣ አጫጭሮቹ ከኋላ፣ ደንቡ ነው። ነጠላ ያልተከናነበችው ትከናነባለች፣ የተከናነበችው ትገልጣለች። ሊነሳ ሲል «እገሌስ?» ይባላል። እገሌ አይስክሬም ወረፋ ላይ ነው። ሊጠራው የሄደውም ወረፋውን ይይዛል። ሁለቱ ሲመለሱ ፎቶ አንሺው «እኔስ ሰው አይደለሁም?» ብሎ ይቀየማል፤ ይተካል፤ የተካውም ይቀየማል። በመጨረሻ አንድ መንገደኛ አዛውንት ፈረንጅ በልመና ይያዛሉ። ስልኩን ተቀብለው አንዴ ጫን አድርገው ሊመልሱ ሲሉ «በእኔም! በእኔም!»። ሁለት ስልክ በኪሳቸው፣ ሦስት በብብታቸው፣ የቀረው በባርኔጣቸው። አንዷ «ዓይኔን ጨፍኛለሁ» ትላለች፤ ድጋሚ። ሌላው «ሆዴ ወጥቷል» ይላል፤ ድጋሚ። (ያ ሆድ በድጋሚ የሚገባ ሆድ አይደለም፤ ደፍሮ የሚነግረው ጠፋ እንጂ።) ደመናው ሲመጣ «ፀሐይ ትውጣ»፣ ፀሐይ ስትወጣ «ዓይን ወጋን»። የአዛውንቱ ሚስት ከሩቅ ይጣራሉ፤ አዛውንቱ እጃቸው ስልክ ስለሞላ ማውለብለብ እንኳ አልቻሉም። እስከ ዛሬም እዚያው ቆመው ሳይሆን አይቀርም።

ሾፌሩስ? የአውሮፓ ሕግ አራት ሰዓት ተኩል ከነዳህ 45 ደቂቃ እረፍ ይለዋል፤ በቀን የሚነዳው ሰዓትም ተቆጥሮ የተሰጠው ነው፤ መኪናው ውስጥ የሚመዘግብ መሣሪያ አለበት። እኛ አሥር ሰዓት የተባልነውን አሥራ አንድ ተኩል ላይ፣ ቺዝ በፌስታል ታቅፈን ደረስን። «ሶሪ» አልነው እኮ! ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

ከግቢው ውጭ፣ መንገድ ዳር ያለው የቱሊፕ ማሳ ግን የገበሬ ነው። ገበሬው የሚሸጠው አበባውን እንኳ አይደለም፤ ከአፈር ሥር ያለውን ሽንኩርት መሰል ሥር ነው። እሱ እንዲወፍርለት አበባውን ራሱ ይቀነጥሰዋል። ያንን ሥር የሚቀልበው ቅጠል ነው በጫማችን የሚሰበረው፤ በሽታም ከማሳ ማሳ በጫማ ይጋዛል። ስለዚህ ገመድ ወጠሩ፣ ማንበብ ለሰነፈውም በሥዕል «አትግቡ» የሚል ሰሌዳ ተከሉ። የእኛዋ እመቤት ገመዱን በእግሯ ረግጣ ዝቅ አደረገችና ልጆቿን አሳልፋ መሃል ማሳው ላይ አስተኛቻቸው። ሰውየው እየሮጠ ሲመጣ ዘረኛ ተባለ! በገዛ ማሳው! አድአ ላይ በሰው ጤፍ ውስጥ ገብቶ የሚንከባለል ቢገኝ በምን እንደሚሸኝ እናውቅ የለም እንዴ? እዚህ ሲሆን ገበሬ፣ ገበሬ መሆኑ ይቀራል? ያ ሰው በንዴት እጁ ሲንቀጠቀጥ አንዱ ደግሞ ቪዲዮ ይቀርጸው ነበር። እፍረት የሚባል ነገር ከየት ተገዝቶ ይምጣልን!

ለማንኛውም ፎቶው አምሯል።

ኮሚቴው ለቀጣዩ ጉዞ ምዝገባ ጀምሯል፤ ፈረንሳይ፣ ዢቨርኒ፣ የሠዓሊው የሞኔ አትክልት ስፍራ። ሰውየው እ.ኤ.አ. ከ1883 ጀምሮ በ1926 እስኪሞት እዚያው ኖሮ፣ ኩሬው ላይ የተንሳፈፉትን አበቦች እያየ ሲስል፣ እያየ ሲስል ዕድሜውን ጨረሰ። ጀርባ መስጠትን የሚያስተምረው ወዳጅ አጥቶ! ኩሬው ላይ አረንጓዴ ድልድይ አለ። ጠባብ ነው፤ ግን ተጠጋግተን ከቆምን የአውቶቡሱን ሰው በሙሉ ይይዛል፤ መሻገር የሚፈልግ ሌላ ጎብኚ ቢኖር ይጠብቃል። ረጃጅሞች እንደ ደንቡ ከፊት ትቆማላችሁ።