የተቀዳን አልበም የመጣል መብት የማን ነው?

ሰሞኑን የአንድ የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት ኃላፊ በሰጡት ቃለ ምልልስ፣ የፖስት-ሃርድኮር (ከሃርድኮር ፓንክ የወጣ የሮክ ሙዚቃ ዓይነት) ባንዶች ለአንድ ሙሉ አልበም ዓመታት ማባከናቸውን ትተው በየስድስት ሳምንቱ አንድ ነጠላ ዜማ እንዲለቁ መክረዋል። ጉድለት ከታየ ኮምፒውተር ያስተካክለዋልም ብለዋል። ምክሩ አዲስ ስላልሆነ በዝምታ ማለፍ ይቻል ነበር። ኃላፊው ግን ምሳሌ ሲፈልጉ ከባንዶች ሁሉ መርጠው የጠሩት የዋሽንግተን ዲሲውን ባንድ ፉጋዚን ነው። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1992 ቺካጎ ላይ የቀዳውን አልበም በሙሉ ጥሎ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደ አዲስ መቅዳቱን የገንዘብ ብክነትና የቆራጥነት ማጣት ማሳያ አድርገው አቅርበውታል። ጨምረውም አድማጭ በሁለቱ ቅጂዎች መካከል ያለውን ልዩነት እንደማይሰማው በእርግጠኝነት ተናግረዋል።

ከተናገሩት ሁሉ ሚዛን የማያነሣው ይህ የመጨረሻው ስለሆነ ከእሱ እጀምራለሁ። አድማጭ ልዩነት የማይሰማ ከሆነ፣ እኚሁ ኃላፊ ጉድለትን እንዲያርም የሚተማመኑበት ኮምፒውተር የሚያርመው ለማን ጆሮ ነው? ድርጅታቸው ለሚክሲንግና ለማስተሪንግ (የተቀዱ ድምፆችን ለማመጣጠንና የመጨረሻ መልክ ለማስያዝ) ባለሙያዎች የሚከፍለውስ ማንም የማይሰማውን ነገር ለመግዛት ነው? በአንድ ትንፋሽ ድምፁ ይስተካከላል ማለትና ድምፁን የሚለይ የለም ማለት አብረው አይሄዱም። የአድማጭን ጆሮ የሚንቅ ሰው ለአድማጭ የሚሸጠውን ሥራ ጥራት ሊዳኝ አይችልም፤ ኃላፊው ግን ይህን ንቀት የንግድ ዕውቀት አስመስለው አቀረቡት።

ለመሆኑ የሆነው ነገር ምን ነበር? የፉጋዚ አባላት ኢያን ማኬይ፣ ጋይ ፒቾቶ፣ ጆ ላሊና ብሬንደን ካንቲ እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣውን ሁለተኛ ሙሉ አልበማቸውን ያለ ፕሮዲውሰር ራሳቸው ሠርተውት፣ በውጤቱ ሙሉ በሙሉ ሳይረኩ ቀርተዋል። በቀጣዩ ዓመት ወደ ቺካጎ የሄዱት ከታዋቂው የድምፅ መሐንዲስ ከስቲቭ አልቢኒ ጋር ጥቂት ዘፈኖችን ለመሞከር ነበር፤ ሥራው ሲያያዝላቸው አልበሙን በሙሉ ቀድተው ተመለሱ። አገራቸው ዋሽንግተን ዲሲ ገብተው በረጋ መንፈስ ሲያዳምጡት ግን፣ ሲቀዱ የተሰማቸው ኃይል ቴፑ ላይ አልነበረም። አልቢኒ ራሱም ሥራው እንዳልሰመረ አመነ። ስለዚህ አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ ይገኝ በነበረው ኢነር ኢር ስቱዲዮ፣ ከፕሮዲውሰሩ ቴድ ናይስሊና ከድምፅ መሐንዲሱ ዶን ዚየንታራ ጋር ሆነው ሁሉንም ዳግም ቀዱ። 12 ዘፈኖችን የያዘው «ኢን ኦን ዘ ኪል ቴከር» እ.ኤ.አ. በ1993 ወጣ፤ የአሜሪካ አልበሞች ደረጃ በሚወጣበት የቢልቦርድ 200 ሰንጠረዥ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የፉጋዚ አልበምም እሱ ሆነ።

ኃላፊው ቆራጥነት ማጣት ያሉት ይህንን ነው። ቆራጥነት የሌለው ባንድ እኮ የሚለየው በሌላ ጠባይ ነው፤ የሚወጣበት ቀን ተቆርጧል፣ ገንዘቡ ወጥቷል፣ የመሐንዲሱ ስም ትልቅ ነው እያለ ያላመነበትን ሥራ ለሕዝብ ይለቃል፤ ከዓመት በኋላም በየቃለ ምልልሱ ያማርራል። ፉጋዚ ግን በዘመኑ ብዙ ባንዶች ተሰልፈው ከሚጠብቁት ሰው ጋር የቀዳውን፣ ያውም የሚያከብረውንና የሚወደውን ሰው ሥራ፣ አልሆነም ብሎ አስቀመጠው። ይህን ለማለት የሚያስፈልገውን ድፍረት በስቱዲዮ ውስጥ ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። ከጥቂት ቀናት ቀረጻ በኋላ ሰው ራሱን ማታለል ይጀምራል፤ ደጋግሞ የሰማውን ድምፅ ይለምደዋል፤ የለመደውንም ያፈቅረዋል። ከዚያ ልማድ ወጥቶ የራስን ሥራ እንደ ባዕድ መስማት የሚችል ባንድ ጥቂት ነው።

ለምን መጣል እንዳስፈለገውም ከሙዚቃው ተፈጥሮ መረዳት አይከብድም። የፖስት-ሃርድኮር ጉልበት ያለው በጩኸቱ መጠን ላይ አይደለም። ከሃርድኮር ፓንክ የወረሰውን ፍጥነትና ቁጣ ይዞ፣ በመካከሉ ዝምታን፣ መጠበቅን፣ ድንገት መቆምን ያስገባ ሙዚቃ ነው። የዚህ አልበም የመጀመሪያ ዘፈን ከዝግታና ከስሱ የጊታር ጉርምርምታ ተነሥቶ ነው የሚፈነዳው፤ መጠበቁ ካልተሰማ ፍንዳታው ከንቱ ነው። የማኬይና የፒቾቶ ጊታሮች አንዱ ሌላውን አጅቦ የሚሄድ አይደለም፤ ይከራከራሉ፣ ይቋረጣሉ፣ አንዱ የተወውን ቦታ ሌላው ይዞ ይወጣል። ቤዙና ከበሮው ደግሞ ከሥር ሆነው ክርክሩን ይሸከሙታል። የእነዚህ የአራቱ ርቀት በቀረጻ ላይ በጥቂቱ ከተዛባ፣ ያው ዘፈን፣ ያው ግጥም፣ ያው ፍጥነት እያለ ውጥረቱ ይጠፋል። ከቺካጎው ቅጂ ሾልኮ ለዓመታት ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የኖረውን የሰማ ሰው ዘፈኖቹን ሁሉ ያገኛቸዋል፤ አልበሙን ግን አያገኘውም። ይህ የእኔ ፍርድ ነው፤ ሁለቱን አከታትሎ የሰማ ሐቀኛ ጆሮ ሌላ ፍርድ ይሰጣል ብዬም አላምንም።

በዚያው ወቅት ምን ይሠራ እንደነበር ኃላፊው ቢያስታውሱ ኖሮ ሌላ ምሳሌ በመረጡ። አልቢኒ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1993 ሚኒሶታ ውስጥ ከታዋቂው የሮክ ባንድ ከኒርቫና ጋር ስቱዲዮ ገብቶ «ኢን ዩትሮ» የተባለውን አልበም ቀዳ። ከዚያ የሆነው ይታወቃል፤ የአሳታሚው ሰዎች ቅጂውን አልወደዱትም፣ ወሬው ጋዜጣ ላይ ወጣ፣ በመጨረሻም ለነጠላ ዜማነት የታሰቡት ሁለት ዘፈኖች ለሌላ ፕሮዲውሰር ለስኮት ሊት ተሰጥተው እንደ ገና ሚክስ ተደረጉ። ባንዱ ግፊት አልደረሰብንም ብሎ በይፋ አስተባብሏል፤ በድምፁም ቅር የተሰኘበት ነገር እንደነበረ ተናግሯል። ይሁንና ማስተባበያው ራሱ ያስፈለገው ለምንድን ነው? በአንድ ወቅት፣ የአንድ መሐንዲስ እጅ ያለባቸው ሁለት ሥራዎች ተጠራጣሪ ገጠማቸው፤ የአንደኛው ተጠራጣሪ ዘፈኖቹን የጻፉት አራት ሰዎች ሲሆኑ፣ በሁለተኛው ላይ ግን መጀመሪያ ድምፁን ያሰማው ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ነበር። ፉጋዚ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ የራሳችን ውሳኔ ነው ብሎ መማል አላስፈለገውም፤ ከእሱ ሌላ ወሳኝ እንደሌለ ሁሉም ያውቅ ነበርና።

አልቢኒም ቢሆን ይህን ልዩነት ከማንም በላይ የተረዳ ሰው ነበር። ለኒርቫና በጻፈው ደብዳቤ ከአልበሙ ሽያጭ ድርሻ እንደማይወስድ፣ እንደ ቧንቧ ሠራተኛ ለሠራው ሥራ ብቻ እንዲከፈለው እንደሚፈልግ ገልጿል። እ.ኤ.አ. በ1993 ባፍለር በተባለው መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ ደግሞ፣ 250 ሺህ ዶላር ቅድሚያ ክፍያ የተቀበለ አንድ ምናባዊ ባንድ ለስቱዲዮው፣ ለፕሮዲውሰሩ፣ ለማኔጀሩ፣ ለጠበቃውና ለጉዞው ከፍሎ ሲጨርስ ለእያንዳንዱ አባል 4 ሺህ ዶላር ገደማ ብቻ እንደሚተርፍ፣ አሳታሚው በአንጻሩ 710 ሺህ ዶላር እንደሚያገኝ ዘርዝሮ አስልቷል። ያ ስሌት ዛሬም መነበብ ያለበት ለአንድ ምክንያት ነው፤ የስቱዲዮው ወጪ የሚቀነሰው ከባንዱ ድርሻ ስለሆነ፣ ብድር ያለበት ባንድ ቅጂውን እንደ ገና ልሥራው ለማለት አፉን መክፈት አይችልም። ዳግም የሚቀዳበት እያንዳንዱ ቀን ዕዳው ላይ ይጨመራል። ኃላፊው ብክነት የሚሉት ነገር ብክነት የሚሆነው በእሳቸው ሒሳብ አያያዝ ብቻ ነው።

ፉጋዚ ይህን መብት ያገኘው በዕድል አይደለም። ማኬይና ጄፍ ኔልሰን እ.ኤ.አ. በ1980 የመሠረቱትና ፉጋዚን ያሳተመው ዲስኮርድ የተባለ አነስተኛ አሳታሚ ከባንዶቹ ጋር የጽሑፍ ውል አይፈራረምም፤ የአልበሙን ዋጋ ነጋዴ እንዳይጨምርበት ሽፋኑ ላይ ያትመው ነበር። ባንዱ የኮንሰርት መግቢያውን 5 ዶላር ላይ ለማቆየት ታገለ፣ ቲሸርት አልሸጠም፣ የግዙፍ አሳታሚዎችን ጥያቄም አልቀበልም አለ። እነዚህን ነገሮች አንዳንዶች እንደ ምንኩስና ያዩአቸዋል፤ በግብዝነት የሚከሷቸውም አሉ። እኔ የማየው ግን በአነስተኛ ወጪ የተገዛ ጊዜን ነው። ዕዳ የሌለበት ባንድ የራሱን ቅጂ ሊጥል ይችላል፤ ምክንያቱም የሚጥለው የራሱን ገንዘብ ነው።

ወደ ኮምፒውተሩ እንምጣ። ቴድ ናይስሊ ለምትና ለጊታር ቅኝት እጅግ ጥብቅ ሰው ነበርና፣ ኃላፊው እሱም ያው ማስተካከል አይደለም ወይ ሊሉ ይችላሉ። ልዩነቱ ናይስሊ ያስተካክል የነበረው ተጫዋቹን መሆኑ ነው፤ ያልሆነውን ደግማችሁ ተጫወቱ ይላል፤ እነሱም አብረው እየተያዩ ይጫወታሉ። ዛሬ የተለመደው አሠራር የከበሮውን እያንዳንዱን ምት እየቆረጠ እኩል ከተሰመረ መስመር ላይ ማስቀመጥ፣ የተመታውን ከበሮ ድምፅ በተዘጋጀ ናሙና መተካት፣ በመጨረሻም ሁሉንም ጨምቆ እኩል ማስጮህ ነው። ለሌላ ዓይነት ሙዚቃ ይህ ሊስማማ ይችላል። ለፖስት-ሃርድኮር ግን መርዝ ነው፤ ዘፈኑ ወደ ጩኸቱ ሲቃረብ ከበሮ መቺው ሳያውቀው የሚጨምራት ጥቂት ፍጥነት ትጠፋለች፣ በስሱ የተነካውና በሙሉ ክንድ የተመታው አንድ ይሆናሉ፣ ዝምታው ይሞላል። ከዚያ በኋላ የሚተርፈው ቁጣን የሚያስመስል ድምፅ ነው።

በግዙፍ አሳታሚ ገንዘብና በታዋቂ ባለሙያ እጅ የተሠራ ታላቅ የፖስት-ሃርድኮር አልበም የለም ወይ ለሚለኝ፣ አንድ አለ እላለሁ። የኤል ፓሶው ባንድ አት ዘ ድራይቭ-ኢን እ.ኤ.አ. በ2000 ማሊቡ ውስጥ ከፕሮዲውሰሩ ከሮስ ሮቢንሰን ጋር የቀዳው «ሪሌሽንሺፕ ኦፍ ኮማንድ» የዚህ ሙዚቃ አንዱ ጫፍ ነው፤ ይህን አልክድም። ይሁን እንጂ ጊታሪስቱ ኦማር ሮድሪጌዝ-ሎፔዝ ራሱ በኋላ ሲናገር፣ ሚክሲንጉ ቀረጻው ላይ የነበረውን ጥሬ ጉልበት እንዳለሰለሰው በምሬት ገልጿል። አልበሙ በመስከረም 2000 ወጣ፤ ባንዱ በማያቋርጥ ጉዞ ተዳክሞ በመጋቢት 2001 ተበተነ። ያሳተመው ግራንድ ሮያልም በዚያው ዓመት ተዘጋ። እንግዲህ ይህን ለኃላፊው መንገድ ምስክር አድርጎ የሚያቀርብ ካለ ያቅርብ።

ከዚህ ይልቅ ለእኔ የሚናገረው የጆቦክስ ታሪክ ነው። ይህ የዲሲ ባንድ ከዲስኮርድ ወጥቶ ወደ ግዙፉ አሳታሚ አትላንቲክ ሄደ፤ ከዚያው ከቴድ ናይስሊ ጋር የሠራውን «ፎር ዩር ኦውን ስፔሻል ስዊትሃርት» እ.ኤ.አ. በ1994 አወጣ። ግሩም አልበም ነበር፤ አትላንቲክ ግን የጠበቀውን ያህል ስላልሸጠለት ከአንድ ተጨማሪ አልበም በኋላ ባንዱን አሰናበተው፤ ባንዱም በ1997 ፈረሰ። ሥራው እንደ ገና ተሰናድቶ በ2009 ለአድማጭ የቀረበው በዲስኮርድ በኩል ነው። የየሩብ ዓመቱን ሪፖርት የሚጠብቀው ድርጅት የረሳውን አልበም ከ15 ዓመት በኋላ አንሥቶ ያሳተመው ውል የማያስፈርመው ትንሹ ቤት ሆነ ማለት ነው።

በየስድስት ሳምንቱ ዜማ ያልለቀቀ ባንድ ይረሳል የሚለው ማስፈራሪያም በዚህ ሙዚቃ ታሪክ ውስጥ መሠረት የለውም። ፉጋዚ ከ1993ቱ በኋላ ያወጣቸው ሦስት ሙሉ አልበሞች በ1995፣ በ1998 እና በ2001 ነው የወጡት፤ በእነዚህ በየሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ሦስት ሦስት ዓመት ነው፤ የረሳውም አልነበረም። ኃላፊው በእርግጥ ለባንዶች የሚያስቡ ከሆነ ምክሩን ያቆዩትና በሚያስፈርሙት ውል ውስጥ አንድ አንቀጽ ያስገቡ፤ የተቀዳው ሥራ ለመውጣት መብቃቱን የሚወስነው ባንዱ ብቻ እንደሆነ፣ አልበቃም ቢል ዳግም የሚቀዳበት ወጪ ከድርሻው እንደማይቀነስ በግልጽ ይጻፍ። ይህን ከፈረሙ በኋላ ስለ ብክነት ሊያስተምሩን ይችላሉ።